አምስት ነጭ ነጥቦች

ሳህኑ ላይ አምስት ነጥብ በቅሏል። ነጭ፣ ክብ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ። ተቆጣጣሪዋ ሳህኑን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው፣ አዙራ አየችው፣ አስቀምጣው ተመልሳ አየችው። አምስት ናቸው፤ የትም አልሄዱም።

ሥራዋ ይኼው ነው። ወደ ሌላ ፕላኔት የምትሄደውን መንኮራኩር ገላዋን በሙሉ በእርጥብ ጥጥ ትጠርጋለች፣ ጥጡን ሳህን ላይ ታሻለች፣ ሳህኑን ሦስት ቀን ሙቀት ውስጥ ታቆየዋለች። ከምድር የተሳፈረ ተህዋስ ካለ ይበቅላል፣ ይቆጠራል። ሠራተኛው «ፖሊሷ» ነው የሚላት። የማይታይ ሌባ ስታሳድድ ነው የምትውለው፤ ስሙንም ወዳዋለች።

ሰላሳ አንዱ ሳህን ንጹህ ነው። ሰላሳ ሁለተኛው፣ ከመንኮራኩሯ ግራ እግር መሸፈኛ ሰሌዳ የተወሰደው፣ ይኼን ጉድ ይዞ መጣ። ደግሞ ዛሬ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ክዳኗ ይታሸጋል። ካልታሸገ ሁለቱ ፕላኔቶች ዳግም እስኪቀራረቡ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። እንዲሁ ከታሸገ ደግሞ፣ እዚያ ድረስ ሕይወት ፍለጋ ሄደው የራሳቸውን ላብ አግኝተው «እልል» ሊሉ ነው።

ተነስታ ወደ መስታወቱ ግድግዳ ሄደች። ማዶ፣ ንጹሁ ክፍል ውስጥ፣ ከዓይናቸው በቀር ምናቸውም የማይታይ ሰዎች መንኮራኩሯን ከበው ይንቀሳቀሳሉ። ሰሌዳው ሰው ደረት ትክክል ነው። ማን ነው እዚያ ጋ የሚነካት?

ትዝ አላት።

ዋናው መሐንዲስ ናቸው። ጋሼ። አስራ አንድ ዓመት የለፉባት። ማታ ማታ ሲወጡ የሚንሸራተተውን መነጽራቸውን በጓንታቸው ጣት አፍንጫቸው ላይ ወደ ላይ ገፋ ያደርጉና፣ በዚያው እጅ ግራ እግሯን መታ መታ አድርገው «ደህና እደሪ» ይሏታል። ሁሉም አይቶ ፈገግ ብሏል። እሷም ጭምር። ፖሊሷ ተብዬዋ በየማታው ወንጀሉን ቆማ እያየች ስትስቅ ከርማለች።

ቢሯቸው ስትገባ የማሸጊያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። የቀረው የሷ ፊርማ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አልፈርምም።»

ሳህኑን ተቀብለው አዩት። የሚፈቀደው ስንት እንደሆነ ጠየቋት። እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ ነው አለቻቸው፤ አፈሩን የምትረግጠው በዚያች እግር ነዋ። ከማን እንደመጣ ጠየቁ። «አልታወቀም» ማለት ይቻል ነበር፣ አፏ ላይም ደርሶ ነበር።

«ከእርስዎ ነው። መነጽርዎን ይገፋሉ፣ ከዚያ ደህና እደሪ ይሏታል።»

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮሁም። መለዋወጫው ሰሌዳ የት እንዳለ ብቻ ጠየቁ። አለ፤ ሰላሳ ሰዓት የምድጃ ሙቀት ጠጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ሦስት ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል።

«በሉ ቀይሩላት» አሉ። «እኔ አልገባም።»

ክዳኗን በገዛ እጃቸው ሊዘጉ አስራ አንድ ዓመት የጠበቁት ሰው ከመስታወቱ ውጪ ቆመው፣ ማይክሮፎን ይዘው፣ የትኛው ብሎን መቼ እንደሚፈታ ይናገራሉ። ውስጥ፣ በአጭርነቱና በጭንቅላቱ ትልቅነት «ብሎን» የተባለው ቴክኒሻን አንድ በአንድ ይፈታል። አስራ ሁለት ናቸው። ስምንተኛው እምቢ አለ፤ አርባ ደቂቃ በላ። የቴክኒሻኑ ቅንድብ ወዛ።

«አንዲት ጠብታ ብታወርድ አስርሃለሁ» አለችው አብራው የገባችው ፖሊሷ፣ ቅንድቡን በጨርቅ እየጠረገች።

ስምንተኛው ተፈታ። አሮጌው ሰሌዳ ወረደ፣ ስሩ በአልኮል ታጠበ፣ አዲሱ ገባ። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ክዳኗ ወርዶ ቀጭ አለ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። የጓንት ጭብጨባ ትራስ እንደመደብደብ ነው፣ ግን ክፍሉን ሞላው። ፖሊሷ ፈረመች። ጭምብሏ ውስጥ ጥርሷ በሙሉ ወጥቷል፤ ማን ሊያይባት።

ዞር ስትል ጋሼ መስታወቱ ማዶ ናቸው። መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ በዚያው እጅ መስታወቱን፣ ልክ በመንኮራኩሯ ግራ እግር ከፍታ፣ መታ መታ አድርገው መዳፋቸውን አሳረፉ። ማይክሮፎኑ ጠፍቷል። ከከንፈራቸው ነው ያነበበችው።

«ደህና ግቢ።»

ሁሉም እየተሳሳቀ ከወጣ በኋላ፣ ፖሊሷ እንደልማዷ ጨርቅና አልኮሏን ይዛ መስታወቱን ልትወለውል በውጪ በኩል መጣች። አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አምስት ጣት። ጨርቁን አነሳች። ዙሪያውን ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ፏ እስኪል ወለወለች፤ እሱን ግን አልነካችውም።