ሳያት የፈረመችበት የመጨረሻ ገጽ

ሳያት የድምፅ መስጫ ማሽኖቹን ጉድለት ያገኘችው ምርመራውን በጀመረች በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነበር።

የምትሠራው ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ትንሽ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ቢሮው የተቋቋመው ማኅበራት አመራሮቻቸውን በማሽን መምረጥ ሲጀምሩ ነው። ደንቡ አጭር ነበር። ማንኛውም አቅራቢ ኩባንያ ማሽኑን አስመርምሮ የብቃት ማረጋገጫ ሳይዝ ለምርጫ ማቅረብ አይችልም። ማሽኑ ጉድለት እንዳለበት ካወቀም በአሥር ቀን ውስጥ ለቢሮው ማሳወቅ አለበት። ሳያት የቢሮው መርማሪ ናት።

በዚያን ሳምንት የመጡት አርባ ማሽኖች የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችና ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበሩን የሚመርጥባቸው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደህና ሠሩ። ከሰዓት ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ግን ሳያት የሦስተኛውን ተወዳዳሪ ፎቶ ነካች፤ የበራው አራተኛው ነው። እጄ ስቶ ይሆናል ብላ ደገመችው። አሁንም አራተኛው። በማግስቱ አርባውንም አሥር አሥር አድርጋ ፀሐይ ላይ እያስቀመጠች ሞከረች። አሥራ አንዱ ሲሞቁ ይስታሉ። የእያንዳንዱን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ሙቀቱን በደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ከዚያም አራት ገጽ ሪፖርት አዘጋጅታ «ማሽኖቹ ሳይስተካከሉ ለምርጫ እንዳይውሉ» ብላ ደመደመች።

ሪፖርቱን የወሰደችው ለኃላፊዋ ለአቶ ግዛቸው ነው። አቶ ግዛቸው ለሳያት ኃላፊ ብቻ አልነበረም። የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነበር። አባቷ ሲሞት የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ትምህርቱን እንዳታቋርጥ በየወሩ እየመጣ ያበረታታት፣ በኋላም ዮናስን ስታገባ በአባቷ ቦታ ቆሞ የዳራት እሱ ነው። ሥራውንም ከሀ እስከ ፐ ያስተማራት እሱ ነው።

ገጾቹን ቀስ ብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ጎበዝ። እንዲህ ነው ሥራ» አላት።

«ምርጫው ይራዘማል ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ወይ ይራዘማል፣ ወይ ኩባንያው ያስተካክላል። እኔ እጨርሰዋለሁ። ደብተርሽንም ስጪኝ፤ ለኩባንያው ሰዎች ቁጥሮቹን አሳያቸዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የቃላት ስህተት አለ፤ ጸሐፊዋ ታርመዋለች። አንቺን እንዳንጠብቅ የመጨረሻውን ገጽ ፈርሚልኝ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የመርማሪው ስም፣ ቀንና የፊርማ ቦታ ብቻ ነው። ሳያት ፈረመች። ደብተሩንም ሰጠችው። ምንም አልከበዳትም።

ምርጫው በተባለው ቀን ተካሄደ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ሳያት በራሷ ፈቃድ፣ የተስተካከሉት ማሽኖች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ወደ አሞራ ገደል ወረደች። ከዓሣ ገበያው አጠገብ ባለው የማኅበሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ሰልፉ እስከ ሐይቁ ዳር ደርሷል። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ቆርቆሮው ይፋጃል። በሁሉም ማሽኖች ላይ የእነሱ ቢሮ አረንጓዴ ምልክት ተለጥፏል።

በሩ ላይ የኩባንያውን ወኪል ተመስገንን አገኘችው።

«በዚህ አጭር ጊዜ አስተካከላችኋቸው?» አለችው።

«ምኑን ነው የምናስተካክለው?»

«አሥራ አንዱን ነዋ።»

ተመስገን ግራ ተጋብቶ አያትና ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። «ራስሽ አሳልፈሽው የለም እንዴ?»

የብቃት ማረጋገጫው ነበር፤ ከኋላው አራት ገጽ ሪፖርት ተያይዟል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «አርባውም ማሽኖች በተደረገው ምርመራ ጉድለት አልተገኘባቸውም» ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ ፊርማዋ አለ። አልተቀዳም፣ በማስመሰልም አልተፈረመም። የራሷ ፊርማ ነው።

በዚሁ ቅጽበት አንዲት አሮጊት ከመጋረጃው ጀርባ እየጮሁ ወጡ። «እኔ የነካሁት ገበያነሽን ነው! የመጣልኝ ሌላ ሰው ነው!» አንድ አስተናባሪ ትከሻቸውን ይዞ «እማማ፣ ማሽኑ ተመርምሯል፤ እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት» እያለ ሸኛቸው። በሩ ላይ በተለጠፈው የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ ገበያነሽ ናት፤ ሃያ ዓመት ዓሣ የነገደች። አራተኛው ደበሌ ነው።

ሳያት ወደ ውጭ ወጥታ አቶ ግዛቸው ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ማሽኖቹ እንዳሉ ናቸው። ሪፖርቱም የእኔ አይደለም።»

አቶ ግዛቸው በረጋ ድምፅ «ሳያት፣ አሁን ከዚያ ውጪ። ለማንም ምንም አትበይ። ሰኞ እንነጋገራለን» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ገብታ «አቁሙ!» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። እሱ ውጪ ስላላት ወጣች። በኋላ እንቅልፍ የነሳት ከሁሉም በላይ ይኼ ነው። አመሻሹ ላይ ውጤቱ ተነገረ፦ ደበሌ ሦስት መቶ አሥራ አንድ፣ ገበያነሽ ሁለት መቶ ሰባ አራት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ግዛቸው ቢሮውን ዘግቶ አስቀመጣት።

«በክልሉ የመጀመሪያው ትልቅ የማሽን ምርጫ ነው። በየቦታው ተነግሯል። በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም ብንል ማን ይሰማናል? ኩባንያው ከምርጫው በኋላ እቀይራቸዋለሁ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን በእኔ ስም?»

«መርማሪዋ አንቺ ነሽ።»

«እርስዎ የት ፈርመዋል?»

ማረጋገጫውንና ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። ሳያት ወረቀቱን ስታገላብጥ ያኔ ነው የገባት። በአራቱም ገጾች ላይ፣ በማረጋገጫው ላይም ጭምር፣ የአቶ ግዛቸው ፊርማ የለም። ኃላፊው በሚፈርምበት ቦታ «በመርማሪው ውሳኔ መሠረት» የሚል ማኅተም ብቻ ተመትቷል። ከመጀመሪያው አስቦበታል። «ጎበዝ» ሲላት አስቦበት ነበር።

«ደብተሬን ይስጡኝ።»

«የትኛውን ደብተር?» አለ፤ ዓይኑን ከፊቷ ላይ ሳያነሳ።

ከሦስት ቀን በኋላ ገበያነሽ ታቦር ሰፈር ድረስ በባጃጅ ወጥታ የሳያትን ቤት አንኳኳች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው ሴት ናት። ውሃ ቀርቦላት አልጠጣችም።

«አቤቱታ አስገብቻለሁ። ማሽኑን ያየችው አንቺ ነሽ ብለው ስምሽን ሰጡኝ። ልጄ፣ መሸነፍ አያሳፍረኝም። ሰው አልፈልግሽም ካለኝ ቅርጫቴን ይዤ እመለሳለሁ። ግን አርባ ሰው የሚሆን ቤቴ ድረስ መጥቶ አንቺን ነክተን ሌላ ሰው መጣ አለኝ። እውነቱን ንገሪኝ። ማሽኑ ደህና ነው?»

ዮናስ ከጓዳው በር ላይ ሆኖ ሚስቱን ያያት ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው፤ የቤቱ ቋሚ ደመወዝ የእሷ ነው። ሳያት የሚሆነውን ታውቃለች። ጉድለት ነበረው ካለች፣ ለምን ፈረምሽ ይሏታል።

«ደህና አይደለም፣ እትዬ ገበያነሽ። አውቅ ነበር። እመሰክራለሁ» አለች።

አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ነበሩት፤ ሰብሳቢዋ ማርታ የምትባል ቁጥብ የሕግ ባለሙያ ነበረች። አቶ ግዛቸው ከሳያት በፊት ተጠየቀ።

«እንደ ልጄ ነው የማያት። አምኛት ገጾቹን ሳላነብ አሳልፌያለሁ። ጥፋቴ ማመኔ ነው» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሳያት ከአባቷ ቀብር በኋላ ያንን ድምፅ ሰምታው ታውቃለች፤ ያኔም እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያጽናናት። ያኛውስ እውነት ነበር? ይህ ጥያቄ ከክሱ ሁሉ የበለጠ አመማት።

ተራዋ ሲደርስ ስለ ደብተሩና ስለ መጨረሻው ገጽ ተናገረች።

«ማስረጃ አለሽ?» አለች ማርታ።

«የለኝም። ሁሉንም እሳቸው ጋ ትቻለሁ። ማሽኑ ግን ራሱ ይናገራል። ከሚስቱት አንዱን፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡልኝ።»

ማሽኑ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮሚቴው፣ ተመስገን፣ ገበያነሽና አቶ ግዛቸው ጥላ ሥር ቆመው ሃምሳ ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ማርታ ራሷ ሄዳ ሦስተኛውን ፎቶ ነካች። አራተኛው በራ። ደገመች። አራተኛው። ወደ ተመስገን ዞረች።

«ይህን ታውቁ ነበር?»

ተመስገን ላቡን ጠረገ። «ሌላ ከተማ ላይ… አንድ ጊዜ አጋጥሞናል።»

«አሳውቃችኋል?»

«አላሳወቅንም።»

ምርጫው ተሰረዘ። የኩባንያው ፈቃድ ለሁለት ዓመት ታገደ። በወሩ መጨረሻ አባላቱ በወረቀት መረጡ፤ ገበያነሽ በአሥራ ሦስት ድምፅ በለጠች።

ስለ ሪፖርቱ የተወሰነው ግን ሌላ ነው። ገጹ መቀየሩን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ፊርማው የሳያት መሆኑን ራሷም አልካደችም። ሦስት ወር ከደመወዝ ታገደች፤ ከዚያም የገበያ ሚዛኖችን ወደሚመረምር ክፍል እንድትዛወር ተወሰነ። አቶ ግዛቸው የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በቦታው ቀረ።

በእገዳው ሁለተኛ ወር ሁለት ሽማግሌዎች ታቦር መጡ። አንደኛው አቶ ይልማ፣ የአባቷ የቅርብ ጓደኛ ነበሩ።

«ግዛቸው ተጎድቷል። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል» አሏት። «እዚሁ ቤትሽ፣ በእኛ ፊት።»

«እዚህ ማን ይሰማዋል?» አለች ሳያት። «ማርታ ፊት ቀርበው ሰኞ ዕለት ቢሮአቸውን ዘግተው የነገሩኝን ይድገሙት። ያን ቀን እኔው ራሴ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ።»

አቶ ይልማ ወደ ሌላኛው ሽማግሌ ተመለከቱ። «ሥራውን ያጣል እኮ፣ ልጄ።»

«አዎ፤ ያጣሉ» አለች።

ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው ሄዱ፤ ተመልሰው አልመጡም። እገዳው ሲያበቃ ሳያት አዲሱ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዋ የተሞላ ቅጽ አምጥቶ መጨረሻው ላይ እንድትፈርም ጠየቃት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ያዘች። ሰውዬው ቆሞ ጠበቃት።