በእናታቸው ስም የታሰሩት ካርዶች

ፀሐይ ስታቆለቁል አቶ ጥሩነህ ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ወጥቶ ቤቱ ገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ነገር ግን ባለዲግሪዎቹ የሚረሱትን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ነበር። ያን ዕለት የሺመቤት የምትባል ሴት አራተኛ ወንድ ልጇን፣ ማስረሻን፣ አቅፋ መጥታለች። ሕፃኑ ያስላል። ሲሳይ፣ ካሳና ምትኩም ዓመት ሳይሞላቸው በዚያው ሳል ነው የሞቱባት፤ ሴቷ ልጇ ግን ደህና ናት።

ካርድ የሚደረደረው በልጁ ስም ነውና ወንድማማቾቹ በየመደርደሪያው ተበታትነው ነበር። ሐኪሞቹ ይቀያየራሉ፤ «ሳንባ ምች» ብለው ይጽፋሉ፤ ስለ ሟቾቹ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ጥሩነህ ግን ምትኩ የሞተ ሰሞን ሦስቱን ካርዶች ፈልጎ በእናታቸው ስም በሲባጎ አስሮ ለዶክተር ኤልያብ ቢያቀርብ፣ ዶክተሩ በተማሪዎቹ ፊት፣ «ፕሮፌሰር ጥሩነህ! እርስዎ ካርድ ያምጡልን፤ ምርመራውን ለእኛ ይተዉልን» ብሎ አሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ካርዶቹ መሳቢያው ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። «ይቅርታ ሳይለኝ አያያቸውም» ብሎ ምሏል። ዛሬም ማስረሻን ሆስፒታል ሲያስተኙት መሳቢያውን አልከፈተም። ይኸው እየከነከነው እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ እጁን ይዞ ዳርቻው በማይታይ ሜዳ ላይ አቆመው። ሜዳው ክንድ ክንድ በሚያህሉ መቃብሮች ተሞልቷል፤ በመካከላቸውም የባለጠጎች ስም በወርቅ የተጻፈባቸው አዳራሾችና ሐውልቶች ቆመዋል።

«አባቴ፣ ይህ የማን አገር ነው?»

«ያንተው ነው፤ አላወቅኸውም?»

«ሕፃናቱን ምን ጨረሳቸው?»

«ገላቸው በሽታን መመከት ሳይችል ተወለዱ። ሐኪሙ በቀን መቶ ሰው ያያል፤ ሀብታሙ ድንጋይ ያስቀርጻል፤ ቁጭ ብሎ ስለ እነሱ የሚያስብ ግን አልነበረም።»

ከሜዳው ማዶ ወደሚታይ ነጭ ቤት አሻገረው። በቤቱ ውስጥ አንዲት ፕሮፌሰር ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዲት እናትን፣ «ስንት ወንድሞች ነበሩት? እስቲ ስማቸውን ንገሪኝ» ትላታለች።

«ይህቺ ሌላ ሥራ የላትም እንዴ?»

«የላትም። ልጆቹ የሞቱበት አንድ ነጋዴ የሕንፃውን ኪራይ ለዚህ ወንበር፣ ተቀምጦበት ይህን በሽታ ብቻ ለሚያጠና ሊቅ፣ ለዘለዓለም ሰጠ። እሷ ስታልፍ ሌላ ይቀመጥበታል፤ ባዶ አያድርም። የእያንዳንዱ ልጅ ደም ተመርምሮ መድኃኒቱ እንደ ልብስ በልኩ ይዘጋጃል።»

«ካርዱስ?»

«በእናት ስም ይደረደራል።»

የጥሩነህ ደም ፈላ። «ይህን እኮ እኔ ነኝ ያሰብኩት! ታዲያ ስሜ የታለ?»

ሽማግሌው እጁን ይዞ ወደ ሜዳው መለሰው። አዲስ የተቆፈረ፣ ገና ያልተሞላ መቃብር አፉን ከፍቷል፤ በራስጌውም በድንጋይ ፈንታ የጥሩነህ መሳቢያ እንደተቆለፈ ቆሟል።

«ስምህ ይኸው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ግን ሰደበኝ እኮ፣ አባቴ! በተማሪዎቹ ፊት አዋረደኝ!»

«አዋርዶሃል፤ እውነትህን ነው። ማስረሻ ግን ምን አለህ?»

ጥሩነህ በላብ ተነክሮ ባነነ። ነግቷል። ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ። ቂሙ ከልቡ አልወጣም፤ ዶክተሩ ዛሬም ሊስቅበት እንደሚችል ያውቃል። ይሳቅ! ያየውን ለእሱም፣ ለሆስፒታሉ አለቆችም፣ ስሙን ድንጋይ ላይ ለሚያስቀርጽ ባለጠጋ ሁሉም ሊናገር ቆርጧል።

የሺመቤት በሕፃናት ክፍል በር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

«ልጁስ?» አላት፣ መልሱን እየፈራ።

«አድሯል፣ ጋሼ። መተንፈሱ ግን…»

ጥሩነህ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ነይ ተከተይኝ። የሦስቱን ስም ለሐኪሞቹ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ካርዱን ለምን እንደደበቅሁት እኔ እነግራቸዋለሁ።»