ሁለተኛው ኤርፖርት

«በረራው ተሰርዟል» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «በዚህ ጉም እዚህ የሚያርፍ አውሮፕላን የለም። ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ኤርፖርት ትሳፈራላችሁ።»

ነርሷ ባሏን አየችው። ባሏ ሦስቱን ሻንጣዎች አየ። ከዩኒቨርሲቲው ሚኒባስ ላይ አውርዶ ላቡን ገና መጥረጉ ነበር።

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«ከካምፓሱ ወዲያ። በመጣንበት ተመልሰን በበሩ በኩል ማለፍ ነው።»

«ይሄው ነው የቀረን» ብሎ የትልቁን ሻንጣ እጀታ ያዘ።

ሚኒባሱ አልሄደም ነበር። ከካምፓሱ ወደ ሁለቱም ኤርፖርቶች የሚመላለሰው ሾፌር ሲያያቸው ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ናፈቅኩዎት እንዴ?» አለና የኋላውን በር ከፈተ። ሰማያዊውን ሻንጣ ሲያነሳ ግን ወገቡን ያዘ። «እትዬ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የያዙት?»

«መጽሐፍ ነው።»

«አንብበው ጨረሱት?»

«ግማሹን» አለች።

ባሏ ቀጣዩን ሻንጣ አቀበለው። ሊወስዳት የመጣው ትናንት ነው። ትንሿን ልጃቸውን ይጠብቁላቸው የነበሩት እናቱ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት የወጣ ማታ ነው የሚገባው። በስልክ ተነጋግረው የነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን ለአንድ ዓመት እንድታቋርጥ ተስማሙ። ተስማሙ ከተባለ፤ እሱ «ሌላ ምን መላ አለ?» አለ፣ እሷም ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

መኪናው ሲነሳ መስኮቱን ከፈተች። ወዲያው ዘጋችው። ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ጭኗ አዛወረች።

«ምነው ተቁነጠነጥሽ?»

«ሞቀኝ።»

«መስኮቱን የዘጋሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትንሿ እማዬ መጣች ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች አሉኝ ጎረቤቶች።»

የልጇን ጠረን ስታስብ ሆዷ ባባ። ከዓመት በኋላ ማን እንደሚመልሳት ስታስብ ደግሞ ከመኪናው መውረድ አማራት። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

«ከዓመት በኋላ እመለሳለሁ፣ አይደል?»

«እናየዋለን።»

«እናየዋለን ምን ማለት ነው?»

«እናቴ መራመድ ስትጀምር፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት ስትገባ… አሁን ምን ብዬ ልማልልሽ?»

በክፋት አልተናገረውም። ያሰበውን ነው የነገራት፤ ያስፈራትም እሱ ነው። አምና አብራት የገባች አንዲት አስተማሪ ለአንድ ወር ብላ ሄዳ እንደወጣች ቀርታለች። እሷም ዕቃዋን ጠቅልላ ነበር የሄደችው።

የካምፓሱ አጥር ብቅ ሲል ስልኳን አውጥታ አብራት ለምታድረው ልጅ ደወለች። «እህቴ፣ ክፍል ነሽ? እስቲ ወደ ዋናው በር ብቅ በይልኝ። አዎ፣ አሁን።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ፣ በሩ ላይ አንዴ አቁምልኝ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ባሏን አየ።

«ምን ረሳሽ?» አለ ባሏ።

«ምንም። ሰማያዊው ሻንጣ እዚህ ይቀራል።»

«ዓመት ሙሉ? ሰው ላይ ሸክም ልንጥል?»

«እስክመለስ ነው» ብላ ወረደች።

ሻንጣውን ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ጎተተችው። ባሏ ቁጭ ብሎ ሲያያት ቆየና ወርዶ በሌላው በኩል ያዘላት። ሲያነሱት ሁለቱም አቃሰቱ። አብራት የምታድረው ልጅ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ስትሮጥ መጥታ ተቀበለቻቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሰው ሲቀመጡ ባሏ መዳፉን እያሻሸ፣ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት።

«ቀድሜ አላወቅኩትም» አለችው። «እናትህን አስታምማለሁ፤ ልጄንም እጠብቃለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ግን ከኤርፖርት እስከዚህ በር የምታደርሰኝ አንተ ነህ።»

ባሏ በመስኮቱ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ መንቀሳቀስ ፈርቶ ይጠብቅ ነበር።

«ንዳው» አለችው፣ «እንዳይረፍድብን።»