አረንጓዴው በር

ሰፈራችን በአንድ ፕላን ስለተሠራ፣ ቤቶቹ ድሮ እንደ መንታ አይለዩም ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከሥራ ደክሞ ሲመለስ ቤቱ እየመሰለው እኛ ጋ ሰተት ብሎ ይገባና ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ዘፍ ይል ነበር። ባለቤቴ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ግን “አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም እንዴ!” እላለሁ። ኋላ ቀለም መቀየር ሲፈቀድ የእኛ በር አረንጓዴ፣ የእሱ ቢጫ ሆነ። ተገላገልኩ።

ሚስቱን በቀበርን በሳምንቱ፣ አመሻሽ ላይ አረንጓዴውን በር ከፍቶ ገባ። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ባለቤቴ ልትናገር ስትል በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

“ተሳሳትኩ መሰለኝ” አለ፣ ወለል ወለሉን እያየ።

“ምን ታደርግ ወንድሜ” አልኩት፤ “የዚህ ሰፈር ቤት እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው።”