በጀልባዋ የተኛው

«ክርስቶስን አምላክ ነው ብሎ አያምንም ነበር አሉ» አለች አንደኛዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ! ያኔ በጥያቄው ዓርብ ተነስቶ የተናገረውን ረሳሽው እንዴ? ብቻ እኔ አልኩ እንዳትይ።»

ዶሊና ውሃ ልትጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማቻቸው። ፔጊና ሌላዋ ጎረቤቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳቦ እየቆረጡ ቅቤ ይቀባሉ። ጥሟን እንደያዘች ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ባሏ ፊንሌይ በሚቀጥለው ክፍል በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። በግድግዳው ዙሪያ ከየቤቱ የመጡ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሻይ ይዞራል። ስለ ነፋሱ ይወራል፣ ስለሚወልዱት በጎች ይወራል፣ ከዚያ አንዱ «ኤዲያ» ብሎ ይተነፍስና ዝም ይባላል። በሌላ ሰው ለቅሶ ቤት ቢሆን ሟቹ ምን ያህል ዓሣ እንዳጠመደ፣ በማን ላይ ምን ብሎ እንደቀለደ እየተነሳ ሐዘንተኛው ሳይቀር ፈገግ ይል ነበር። ፊንሌይን ግን ማንም አያነሳውም። እንደ ትኩስ ፍም ይሸሹታል።

ፔጊ በሰሃን ዳቦ ይዛ መጣች። «ትንሽ ቅመሽ እንጂ። በባዶ ሆድ ሐዘን አይቻልም።»

«እሺ፣ አስቀምጪው።»

«አላስዴር... ይመጡ ይሆን?»

«ወንድሙ አይደል? ይመጣል» አለች ዶሊና። እሷም አላመነችውም።

አላስዴር የፊንሌይ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ አብረው አርጅተዋል። በዚያ በሉዊስ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ የፊንሌይን ምክር የሚሰማ አላስዴር፣ የአላስዴርን ቁጣ የሚችል ፊንሌይ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ የፊንሌይና የዶሊና አንድ ልጅ ቶርሞድ እስኪሰምጥ ድረስ ነው። ቶርሞድ የሰመጠው በጀልባ ወደብ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ አባቱና አጎቱ ድንጋዩ ላይ ቆመው እያዩት ነው። ባሕሩ ሬሳውን አልመለሰም። ለቶርሞድ ሳጥን አልገባም፣ አግዳሚም አልተደረደረ። ሰው መጣ፤ የሚቀመጥበት ግራ ገብቶት ሄደ።

በዚያው ዓመት በቅዱስ ቁርባኑ ሰሞን፣ እንደ ልማዱ ዓርብ ዕለት ወንዶች እየተነሱ ስለ እምነት ጥያቄ ያነሳሉ፣ ሽማግሌዎችም ይመልሳሉ። በዕድሜው አንድም ቀን አፉን ከፍቶ የማያውቀው ፊንሌይ የፊቱን አግዳሚ ጨብጦ ብድግ አለ። ዶሊና አጠገቡ ነበረች።

«ጌታ በጀልባዋ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር ተብሏል። የምሩን ነው የተኛው?»

አላስዴር መለሰ። «የምሩን ነው። እንደ ሰው ደክሞት ተኛ። እንደ አምላክ ግን አይተኛም፣ አያንቀላፋም። ይህን ሕፃናትም ያውቁታል።»

«እንግዲያው ልጄ ሲሰምጥ አጠገቡ የነበረው የትኛው ነው? የተኛው ከሆነ ምን ይፈይድለታል? የነቃው ከሆነ ደግሞ እያየ ነው ዝም ያለው።»

የአላስዴር ፊት አመድ መሰለ።

«ተቀመጥ ፊንሌይ» አለ። «ጌታን ለሁለት አትሰንጥቀው።»

ፊንሌይ አልተቀመጠም። በመሃል መተላለፊያው ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወንድሙም ቤት አልደረሰም። እንደ ማገዶ የሚነደውን አፈር ሊቆፍሩ ወደ ረግረጉ ሲወርዱ ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ እግር እግራቸውን እያዩ ይተላለፉ ነበር። ዶሊና እሑድ እሑድ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ስትመለስ እሱ መስኮቱ ሥር ባሕሩን ሲያይ ታገኘዋለች። ስብከቱ ምን ነበር ብሎ አይጠይቃት፣ እሷም አትነግረው። የቶርሞድን ስም መጥራት ሁለቱም ፈሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር እሱም ብቻውን፣ እሷም ብቻዋን አለቀሱ።

አላስዴር የመጣው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ሊመሽ ሲል፣ ሰው ለጸሎት ሲሰበሰብ ነው። ሲገባ ሁሉም ተነሱለት። መጽሐፉን አቀበሉት።

«ሌላ ሰው ያንብብ» አለ።

«ይጸልዩልን እንግዲያ።»

«ሌላ ሰው ይጸልይ አልኩ እኮ።»

መዝሙሩ ተዘመረ፣ ተጸለየ። ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ አንድ ባንድ ወጣ። አላስዴር ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ ዶሊና ወንበሯ ላይ። ወጥ ቤት ሴቶቹ ሲኒ ያጥባሉ።

«ሳንታረቅ ሄደ» አለ አላስዴር። «ታሟል ሲሉኝ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

«እናውቃለን። በመስኮት አይቶሃል።»

«ምን አለ?»

«‹ይህ ሞኝ ብርድ ሊመታው ነው› አለ።»

አላስዴር ሳቅ ይሁን ሌላ ያልለየለት ድምፅ አወጣ። «ታዲያ አትጠሩኝም ነበር?»

«‹በሩን ያውቀዋል› አለኛ! የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ?» ዶሊና እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ላንተ የሚሆን ነገር ነግሮኛል። ንገሪው አላለኝም። ግን ላንተ ነው።»

ነገሩ በክረምቱ፣ ፊንሌይ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው የሆነ ነው። ነፋሱ ጣሪያውን እየነቀነቀ፣ ሾርባ በማንኪያ ስታቀምሰው እጇን ያዛት። «ዶሊና፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለት አድርጌ ነበር የማየው» አላት። «አንዱ ከታች የሚተኛ፣ አንዱ ከላይ ሆኖ የሚያይ። ግን ሲቀሰቅሱት የተነሳው ማን ነው? ያው የተኛው ነዋ! ጸጉሩ እንደተንጨባረረ፣ ጉንጩ ላይ የትራሱ ምልክት እንዳለ፣ ከእንቅልፉ በነቃ ሰው ጎርናና ድምፅ ነው ነፋሱን የገሠጸው። ነፋሱም ታዘዘው። ሌላ የለም። አንድ ነው።»

«ቶርሞድስ?» አለችው ዶሊና። ስሙን የጠራችው ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

ፊንሌይ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ለምን እንዳላወጣው አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ዳር ቆመን ያየነው እኛ ነን። እሱ ዳር አልቆመም። ውሃው ውስጥ ነበር፣ ከልጃችን ጋር። ርሶ ነበር።»

ዶሊና ይህን ተናግራ ስትጨርስ ወጥ ቤት የሲኒው ድምፅ ቆሞ ነበር።

«ለሁለት አትሰንጥቀው ብዬው ነበር» አለ አላስዴር ቀስ ብሎ።

«ልክ ነበርክ።»

«ልክ ነበርኩ» አለ። «ልጁን በቀበረ ሰው ላይ እንኳ አይደለም፣ የሚቀብረው ባጣ ሰው ላይ ልክ ሆንኩ።» እጁን የሳጥኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ ጨለማው ክፍሉን እስኪሞላው ድረስ አላነሳውም።

የቀብሩ ዕለት ዘነበ። እንደ አገሩ ወግ ሴቶች መቃብር አይወርዱም፤ ዶሊና በሩ ላይ ቆመች። ወንዶቹ ሳጥኑን በየተራ እየተቀባበሉ፣ አላስዴር በራስጌው በኩል ሆኖ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወሰዱት። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ባርኔጣዎቹ ብቻ ታዩ። ከዚያም እነሱም ጠፉ። ፔጊ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እኔማ ስለሱ ምን ብዬ አውርቼ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዶሊናም አልጠየቀቻትም።

ከቀብር መልስ ሰዉ ሻዩን ጠጥቶ አግዳሚዎቹን ተሸክሞ ሲበተን አላስዴር ምድጃው ጋ ቀረ። ከጫማው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ካልሲህን አውልቅ» አለችው።

«ተይው ባክሽ፣ ቤቴ ቅርብ ነው።»

«አውልቅ አልኩህ። በአንድ ሳምንት ሁለት ወንድማማች አልሸኝም።»

ከመሳቢያ የፊንሌይን ወፍራም የሱፍ ካልሲ አምጥታ ሰጠችው። አጠለቀው፤ ትንሽ ሰፋው። እግሮቹን ለረጅም ጊዜ አያቸውና ወጣ።

ቤቱ ባዶ ሆነ። ክፍሎቹ፣ አግዳሚዎቹ ሲወጡ፣ ድሮ ከነበሩትም የሰፉ መሰሉ። ዶሊና አላስዴር የተዋቸውን ርጥብ ካልሲዎች ከወለሉ አነሳች። ጨመቀቻቸውና በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስታደርግ እንደኖረችው፣ ተረከዛቸውን ወደ እሳቱ አዙራ ምድጃው ላይ አሰጣቻቸው። ከዚያ አንዱ ወገን ሲደርቅ ልትገለብጣቸው፣ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።