ቀዩ የፀጉር ላስቲክ

አርባ ዓመት ሲሞላት የጨፈረች ሴት ብትፈለግ ከሳይፒን ሌላ አትገኝም። የፔቻቡሪ ከተማ ሴቶች ዕድሜያቸውን ሲደብቁ እሷ ቀን ትቆጥር ነበር። በየእሑዱ በየቡድሃ ገዳሙ ደጅ በሚደረገው ሩጫ ዋንጫ የሚሰጠው በዕድሜ ምድብ ነው፤ ከየምድቡ ለአምስት ሰው። ከሠላሳ አምስት እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው የሴቶች ምድብ ደግሞ የአጋዘን መንጋ ነው። አርባ ስትደፍን ከአጋዘኖቹ ተገላግላ ከልኳ ሴቶች ጋር ትሮጣለች፣ ዋንጫም ትወስዳለች፤ ስሌቷ ይህ ነበር። ስሌት ታውቅበታለች። በወረዳው መዝገብ ቤት የሰው ልደትና ሞት ስትጽፍ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።

አርባ ደፈነች። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ስድስተኛ ወጣች።

ዋንጫው ራሱ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ቤት ሳይደርስ እጀታው የሚነቀልም አለ። ሳይፒንን ያንገበገባት ዋንጫው ሳይሆን መደርደሪያው ነው። አማቷ እማማ ላማይ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ሥር፣ በየቀኑ አቧራውን የሚጠርጉት መደርደሪያ አላቸው። አሁን አራት ዋንጫ ተደርድሮበታል። አራቱም የራምፓይ ናቸው።

ራምፓይ የባሏ የታናሽ ወንድም ሚስት ናት። ፀጉር ሠሪ ስትሆን የራሷን ፀጉር እንደ መዳብ አቅልታ እስከ ወገቧ ለቃዋለች። ሩጫ ያስጀመረቻት ሳይፒን ራሷ ናት፤ «ብቻዬን ሰለቸኝ፣ ነይ አየር እንኳ ትቀበያለሽ» ብላ ለምና። ራምፓይ የመጀመሪያውን ቀን በባሏ ቁምጣ ሮጠች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ የተጠበሰ ቋሊማ እየበላች ገባች። በሦስተኛው ወር ከአጋዘኖቹ መሃል ዋንጫ ይዛ ወጣች። ሳይፒን አቅፋ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት። ቤቷ ስትገባ ግን ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

ያኔ ቢያንስ ምድባቸው ይለያይ ነበር። አዲሱ ዓመት ሲገባ ራምፓይም አርባ ተባለች።

«ልደቷ እኮ ገና አሥር ወር ይቀረዋል! ሠላሳ ዘጠኝ ናት!» አለች ሳይፒን ለባሏ ለዊሮት።

«መዝጋቢዋ አንቺ፣ ለኔ ትነግሪኛለሽ?» አላት።

ሩጫው ወርና ቀን አይጠይቅም፤ ዓመት ከዓመት ቀንሶ ይመድባል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያበገናትም ይኸው ነው።

የዛሬው ሩጫ የተጠራው እማማ ላማይ በተወለዱበት መንደር ባለው ገዳም ነው፤ ለጸሎት ቤቱ ጣሪያ ማደሻ። አሥር ኪሎሜትር ተኩል። እማማ ላማይ ለሯጮቹ የሚያድሉት የዘንባባ ፍሬ ኬክ ከትናንት ጀምሮ በእንፋሎት ሲበስል ውሎ፣ እሳቸው፣ ሳይፒን፣ ዊሮትና ራምፓይ አራቱም በራምፓይ ፒክአፕ ተጭነው ጎህ ሳይቀድ ወጡ። መኪናው በሙሉ ኬክ ኬክ ይሸታል።

«ዛሬ ካልተሳካልሽ ለጣሪያው ለግሺና ዋንጫ ውሰጂ» አለ ዊሮት ወደ ኋላ ዞሮ። «የለጋሾቹ ዋንጫ ይበልጣል፣ ማላብ የለበት።»

«አንተ አምስት ኪሎሜትር በእግርህ ተራምደህ ሜዳልያ የምታጠልቀው ሰው ነህ የምትተርበኝ?»

«በእግሬ ብቻ አይደለም፣ አትዋሺ፣ ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ።»

ራምፓይ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ፒ ሳይፒን፣ ዛሬ አብረን እንሩጥ? ብቻዬን ይደብረኛል።» ታናሽነቷን አትረሳም፣ «ፒ»፣ ታላቄ፣ ሳትል ጠርታት አታውቅም። ይህም ሳይፒንን ያናድዳት ነበር።

«የኔ ፍጥነት ይይዝሻል።»

«ኧረ እኔ አልቸኩልም።»

ችግሩም ይኸው ነበር። ሳይቸኩሉ መቅደም!

ሳይፒን የተመዘገቡትን ሴቶች ዝርዝር አንድ በአንድ አጥንታዋለች። አራቱ አይደረስባቸውም፤ እነሱን ለራሳቸው ትታቸዋለች። አምስተኛው ቦታ ክፍት ነው። በእሷና በአምስተኛው ዋንጫ መሃል የቆመችው አንዲት ሴት ስትሆን፣ ያቺ ሴት አሁን የሷን ውሃ ጠጥታ ጠርሙሱን እየመለሰችላት ነበር።

ሩጫው ተጀመረ። መንገዱ ቦይ ቦዩን ይዞ በዘንባባ ዛፎች መሃል ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ወንበር አውጥቶ፣ ከበሮ ይዞ፣ ውሃ በባልዲ ቀድቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። አሮጊቶቹ «በርቱ! በርቱ! ጣሪያችን ያፈሳል!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ሳይፒን ዓይኗን ከሰዓቷ አልነቀለችም። ራምፓይ እጁን የዘረጋላትን ሕፃን ሁሉ እጅ እየመታች፣ አንዷ የሰጠቻትን ሙዝ ልጣ እየበላች፣ ለውሻ ሳይቀር ሰላምታ እየሰጠች ትሮጣለች። ቢሆንም አርባ እርምጃ ትቀድማታለች። ሳይፒን ስትጨምር አርባ፣ ስትቀንስም አርባ። ያ የመዳብ ፀጉር ከፊት ከፊቷ እንደ ፈረስ ጭራ ሲወዛወዝ አንጀቷ አረረ።

መዞሪያው ላይ ቀይ የፀጉር ላስቲክ ያድላሉ። እዚያ ድረስ ሳይሄድ አቋርጦ የተመለሰ ሰው እንዳይኖር ማስረጃው ላስቲኩ ነው፤ መጨረሻው መስመር ላይ ያላሳየ ደረጃ አያገኝም። ሳይፒን ተቀብላ አንጓዋ ላይ አጠለቀችው። ራምፓይ ግን ፀጉሯ ፊቷ ላይ እየመጣ ስላስቸገራት ወሰደችና ፀጉሯን አሰረችበት። ላስቲክ ነውና!

ሰባተኛው ኪሎሜትር ላይ ላስቲኩ ከዚያ ከለሰለሰ ፀጉር ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ሳይፒን ከኋላ ታየዋለች። ተንሸራተተ፣ ተንጠለጠለ፣ ወደቀ። ራምፓይ አልተሰማትም፤ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ ወርውራ ሩጫዋን ቀጠለች።

ሳይፒን ጎንበስ ብላ አነሳችው። አፏንም ከፈተች። «ራምፓይ» ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ ነበራት፤ ለዚያም ለሌላም ይበቃ ነበር። ትንፋሽ አጠረኝ አለች ለራሷ። ስንደርስ እሰጣታለሁ አለች። ላስቲኩን ወገቧ ላይ በታጠቀችው ትንሽ ቦርሳ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

መጨረሻው መስመር ጋ ስትደርስ ራምፓይ እጇን እያገላበጠች ቆማለች። ማይክ የያዘው የመንደሩ መምህር ራሱን ይነቀንቃል።

«እመቤቲቱ፣ ያለ ላስቲክ የደረጃ ካርድ መስጠት አልችልም። ሕጉ ለሁሉም ሕግ ነው።»

«ፀጉሬ ላይ ነበር እኮ! ውይ እኔ ደደቧ!» ብላ ራምፓይ ሳቀች። ከዚያ ሳይፒንን አየቻት። «ፒ! ነይ! ላስቲክሽን አሳዪው! አምስተኛ ነሽ!»

ሳይፒን አንጓዋን አሳየች። መምህሩ «5» የሚል ካርድ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ካርድ ነው፤ ክብደት የለውም። ራምፓይ ላቧን ሳትጠርግ ተጠመጠመችባትና «እማ! ፒ ዊሮት! ፒ ሳይፒን ዋንጫ አገኘች!» እያለች ሜዳውን በጩኸት ሞላችው።

ሳይፒን በእቅፏ ውስጥ ቆማ ፊቷን ታጠና ነበር። ኩርፊያ ፈለገች። ቅንጣት ታህል ቅያሜ፣ ከንፈር መንከስ፣ የሆነ ነገር። ምንም የለም። ሳይፒን ሰባት ጊዜ ተሸንፋ ሰባቱንም ጊዜ ፊቷን ልትታጠብ ብላ ተደብቃለች፤ ይህችኛዋ ዋንጫ አጥታ ትጨፍራለች። በሽንፈትም ቀደመቻት!

በምግቡ ድንኳን እማማ ላማይ ኬኩን በሙዝ ቅጠል እያደሉ ቀና ብለው ካርዱን አዩ። «እንግዲህ መደርደሪያው ሊጣበብ ነው» አሉና ሁለት ኬክ ጨመሩላት። ሳይፒን አንዱን ጎረሰች። ሌላውን በቅጠሉ መልሳ ጠቀለለችው።

የሽልማቱ ሰዓት ደረሰና ወደ መድረኩ ሄዱ። ራምፓይ ስልኳን ለመቅረጽ አዘጋጅታ ከፊት ቆመች። ነፋሱ ፀጉሯን ዓይኗ ውስጥ ይከተዋል።

«ፒ፣ የፀጉር ላስቲክ አለሽ?»

ሳይፒን እጇን ቦርሳዋ ላይ ጫነች። ራምፓይ ግን ዓይኗን ስልኩ ላይ እንደተከለች ነው፤ የፈለገችው ላስቲክ ብቻ ነበር። ሳይፒን ቦርሳዋን ብትከፍት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልከፈተችም። አንጓዋ ላይ ያለውን የራሷን አውልቃ ሰጠቻት።

«ተባረኪ» ብላ ራምፓይ ፀጉሯን አሰረች።

ይህን ጊዜ መምህሩ በማይክ ተናገረ፦ «ተሸላሚዎች፣ ከመድረኩ ሥር ላስቲካችሁን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ታሳያላችሁ! ባለፈው በጎረቤት መንደር አንዱ በሞተር ብስክሌት ሮጦ ሦስተኛ ወጥቷል አሉ!»

ሰዉ ሳቀ። ሳይፒን አልሳቀችም። ተራዋ እስኪደርስ በጣቷ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች፤ ሲደርስም ላስቲኩን አውጥታ ሰጠች። የሳይፒን ፀጉር ጥቁር ነው፣ እንደ ወንድ ልጅ ያጠረ። ላስቲኩ ላይ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የመዳብ ፀጉሮች ተጠምጥመዋል። መምህሩ አንዱን በጣቱ መዘዘው፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው፣ የሷንም ጭንቅላት አየ። ከኋላዋ ገና ሠላሳ ሰው ይጠብቃል።

«ይሁን፣ ላስቲክ ላስቲክ ነው። ወደ መድረኩ ውጪ» አላት።

አለቀ ማለት ነው። አንድ ደረጃ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ሳለች ከበስተኋላዋ የራምፓይን ድምፅ ሰማች፤ ከእማማ ላማይ ጋር ታወራለች።

«እማ፣ ስንመለስ የኔን ዋንጫዎች ወደ ዳር እናደርጋቸዋለን። የፒ ሳይፒን መሃል ይቀመጥ፣ ከአባባ ፎቶ ሥር። እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሳይፒን ቆመች። እኔ አስተካክለዋለሁ! መደርደሪያው የራምፓይ ነው፣ መሃሉም የሷ ነው፣ ቆርሳ የምትሰጠውም እሷ ናት። ሌቦች እንኳ የሚሰርቁት ነገር የራሳቸው ይሆናል። ይህ ዋንጫ ግን ዕድሜውን ሙሉ ራምፓይ ቦታ ለቃ ያስቀመጠችው ዋንጫ ተብሎ ሊኖር ነው። አቧራው በተጠረገ ቁጥር ልታየው ነው።

ዞረች። «መምህር፣ ይሄ ላስቲክ የኔ አይደለም። የሷ ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያነሳሁት።»

ማይኩ ክፍት ነበር። ድምጿ ገዳሙን ሁሉ ዞረ።

መምህሩ በአንድ እጁ ደረቱን ያዘ። «ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ዋንጫዋን ትታ እውነቱን ተናገረች! ስፖርት ማለት ይህ ነው! ጭብጨባ!» ከበሮው ተመታ። አሮጊቶች እጃቸውን አጋጥመው እጅ ነሷት። ሳይፒን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዊሮትማ ሜዳልያውን እያውለበለበ ያፏጫል።

«አገኘሽልኝ? ይዘሽልኝ መጣሽ?» አለች ራምፓይ እየሮጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳይፒን ካርዱን ከራሷ አንገት አውልቃ ራምፓይ አንገት ላይ ጣለችላት። ሽልማት ሰጪው የገዳሙ አበምኔት እንደ መነኩሴ ሕጋቸው ለሴት በእጃቸው አይሰጡምና ዋንጫውን ጨርቅ ላይ አኖሩት፣ ራምፓይ ተንበርክካ አነሳችው።

ድንኳኑ ውስጥ እማማ ላማይ ባዶ የእንፋሎት ድስቶቻቸውን እየደራረቡ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«የት ነው የወደቀው?»

«ሰባተኛው ኪሎሜትር ላይ፣ እማ።»

«እና እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«እህ» አሉ እማማ ላማይ። አንዱን ድስት አንስተው ሰጧት። «እስቲ ይህን ወደ መኪናው ውሰጂ። ከሥር ያዢው፣ እጀታው ላልቷል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ራምፓይ ነች የምትነዳው። መኪናውን ሳታስነሳ ዋንጫውን ወደ ኋላ ለሳይፒን አቀበለቻት። «ፒ፣ ያዢልኝ፣ እዚህ ሲንከባለል ይሰበራል።» ሳይፒን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እማማ ላማይ አጠገቧ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊት ለፊት ዊሮት አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሳይፒን በአውራ ጣቷ የወርቁን ቀለም ሞከረችው፤ ትንሽ ተፋቀ።

ከተማው መግቢያ ላይ መብራት ያዛቸው። አጠገባቸው የቆመው ፒክአፕ ጭነት ቦታ ላይ ያንኑ የሩጫ ካናቴራ የለበሱ ሴቶች ተኮልኩለዋል። አንዷ በተከፈተው መስኮት ጎንበስ ብላ አየቻት።

«እሰይ እህቴ! ስንተኛ ወጣሽ?»

ሳይፒን ከፊት የተቀመጠችውን አየች። ራምፓይ ዘፈን ከፍታ አብራ ትዘፍናለች፤ አልሰማችም።

«አምስተኛ» አለች ሳይፒን።

«ጎበዝ! እንኳን ደስ አለሽ!»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እማማ ላማይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«አጥብቀሽ ያዢው» አሉ። «መንገዱ ጉድጓድ ይበዛዋል።»

ሳይፒን አጥብቃ ያዘችው።