ሁሉም ላም ነው

«ያዘው! አንገቱን ደግፈው!» እያለ ሚዛን ሲጮህ ፈረሱ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ ነበር። ጋሪ ነጂው ልጓሙን ጥሎ አንገቱን አቀፈ። ያን የሚያህል ፍጡር በሰው ክንድ የሚቆም ይመስል ሁለቱም ጥቂት ታገሉ። ከዚያ ፈረሱ በጎኑ ወደቀ፤ የክሊኒኩ የሲሚንቶ ግቢ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ።

ወጣቷ የእንስሳት ሐኪም ባዶውን መርፌ በቀኝ፣ ታብሌቱን በግራ እጇ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ከወጋችው ሩብ ሰዓት አልሞላም።

«ጋሼ ሚዛን፣ ልቡን ይዩልኝ!»

ሚዛን ተንበርክኮ ማዳመጫውን ከፈረሱ ክርን ጀርባ አስገባ። ልቡ እንደሚባረር ሰው ይሮጣል፤ ይደናቀፋል፤ ደግሞ ይሮጣል። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

«ጌታው! ተነሥ እንጂ ጌታው!» አለ ጋሪ ነጂው። ፈረሱን የሚጠራው እንዲህ ነው። «ከሳል በቀር እኮ ምንም አልነበረበትም! በእግሩ ሄዶ አይደል የመጣው?»



ሚዛን የወጣለት ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት የሕክምና ረዳትነቱ የእንስሳን ክብደት በዓይኑ ገምቶ ከአምስት ኪሎ በላይ ስቶ አያውቅም። ዛሬም ፈረሱን አንዴ ዞሮ አይቶ «ሦስት መቶ ሃያ» ያለው እሱ ነው። ክብደቱ ልክ ነበር። ከልጅቷ እጅ ታብሌቱን ተቀብሎ አየው። በአረንጓዴ ቀለም «ላም፤ 320 ኪሎ፤ መጠኑ ትክክል ነው» ይላል።

ላም!

ታብሌቶቹ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በመጡ ሳምንት የመድኃኒት መጻሕፍቱ ተለቅመው በካርቶን ታሰሩና መጋዘን ተወረወሩ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ተባለ። ሐሰት አልነበረም። መተግበሪያው የእንስሳውን ዓይነት፣ ክብደቱንና መድኃኒቱን ሲነግሩት መጠኑን አስልቶ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ለዚያ እንስሳ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ማያው ደም ይመስላል፣ አላሳልፍም ይላል። ሠራተኞቹ «ዐዋቂው» አሉት።

ዐዋቂው ግን አንድ ጠባይ ነበረው። ሲከፈት «ላም» ብሎ ነው የሚከፈተው። ሌላ እንስሳ ለመምረጥ ዝርዝሩን መክፈት ግድ ነው፤ በዚያ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በሚጠፋ ኔትወርክ ደግሞ ዝርዝሩ እስኪመጣ አንዲት ትንሽ ክብ አራት አምስት ደቂቃ ትሽከረከራለች። የክሊኒኩ ኃላፊ በቀን አርባ እንስሳ ይመዝገብልኝ ይላል። አርባ! በበሩ ባለ በጉና ባለ አህያው ይጮኻል፣ በመስኮቱ ኃላፊው ይጮኻል፣ ክቧ ትዞራለች። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወደ ግቢው ወርዶ፣ ጣቱን ወደ ታብሌቱ ቀስሮ፣ «ላም ብላችሁ እለፉ! የሚሰላው በኪሎ ነው። ኪሎው ልክ ከሆነ ምን ቸገራችሁ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክሊኒክ ሁሉም ላም ሆነ። አህያው ላም፤ ፍየሉ ላም፤ የጡረተኛዋ መምህርት ድመት ሦስት ኪሎ የምትመዝን ላም። ከበላይ ተቀምጦ መዝገቡን የሚያነብ ሰው አለ ይባላል፤ «ሦስት ኪሎ የምትመዝነው ምን የመሰለች ላም ናት?» ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። እንዲያውም ዓምና ክሊኒኩ በላም ሕክምና አንደኛ ወጥቶ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ኃላፊው በመስታወት አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል።

ዛሬ የተወጋው መድኃኒት ከመጣ ወር አልሞላውም። ለከብት ሳንባ ፍቱን ነው ተብሎለታል። ለፈረስስ? በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ማብራሪያ ወረቀት «ታብሌቱ ላይ አለ» ተብሎ ተጥሏል። ልጅቷ ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አሳርፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ፈረስ እስኪመጣ ልጠብቅ?» ብላ ጠይቃ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እሱ እስኪመጣ ይኸኛው ያረጅብሻል። ላም በይውና እለፊ» አላት ሚዛን እየሳቀ። ልጅቷ ሳቀች። ጋሪ ነጂውም የፈረሱን ግንባር እያሻሸ፣ «እሰይ ጌታው፣ ከእንግዲህ ወተትም ልትሰጠኝ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ከሳቁት ከሦስቱ አንዱ አሁን መሬት ላይ ተቀምጦ የሞተ ፈረስ ዓይን ላይ ዝንብ ያባርራል።

ሚዛን ዐዋቂውን ትቶ፣ በመጋዘኑ አሮጌ ስልክ ወደ ትልቁ የእንስሳት ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ደውሎ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አነበበና ለፈረስ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። «ለፈረስ?» አለች ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት። «ወንድሜ፣ አደራህን! ልቡን ነው የሚያቆመው።»

ኃላፊው ሁለቱንም ቢሮው አስጠራቸው። ታብሌቱን ተቀብሎ ሲያነብ ፊቱ ቀስ በቀስ ፈታ አለ።

«ላም። ታከመች። ችግሩ ምንድን ነው?»

«የሞተ ፈረስ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል» አለ ሚዛን።

«እኔ የማወራው ስለ መዝገቡ ነው። እዚህ ላይ ፈረስም የለም፣ የሞተም የለም።»

«ሰውየውን ምን እንበለው?» አለች ልጅቷ። 

«መጀመሪያውኑ ያለቀለት ነበር በሉት። ሳንባው ነው በሉት።»

«ሳንባው ደህና ነበር። አዳምጬዋለሁ። የገደልኩት እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ጎሽ! ይኸን ማለት ከፈለግሽ በይ። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል እንዴ?»



«ላም ብላችሁ እለፉ ያልከው አንተ ነህ» አለ ሚዛን።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «የት ላይ ተጽፏል?»

የትም አልተጻፈም፤ ሚዛን ሠላሳ አንድ ዓመት የተናገረው ሁሉ በቃል ነበር፤ የታዘዘውም እንዲሁ።

«ስማኝ ጋሼ» አለ ኃላፊው፣ አሁን ለስለስ ብሎ። «ሰባት ወር ነው የቀረህ። የምትኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ያለ ነቀፋ ጡረታ የወጣ ብቻ ነው ቤቱ የሚጸናለት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? እዚህ አድርሶሃል፤ በሰላም ውረድ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዛሬው መዝገብ ይቆለፋል፣ ነገ ሌላ ቀን ነው።»

ሚዛን የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ባለቤቱ ባለፈው እሑድ የዚያን ቤት በር በገዛ እጇ ሰማያዊ ቀለም ቀብታዋለች። ሦስት ልጅ ያሳደጉበት ቤት ነው። «የሰው በር መቀባት አልወድም ነበር፤ አሁን ግን የእኛ ሊሆን ነው» ብላ ቀለም የነካ አፍንጫዋን ስትጠርግ ታየችው። በሩን ገፍቶ ወጣ።

በክሊኒኩ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቀን ሠላሳ ጊዜ ያልፈዋል፦ «በሕክምና ስሕተት የሞተ እንስሳ፣ በዕለቱ በመዝገብ ሲረጋገጥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ይተካል።» ሲረጋገጥ! የሞተው ፈረስ፣ የተረጋገጠው ላም። ሰው ይኸን ክፋት አስቦ ቢሠራው እንኳ እንዲህ አያምርለትም፤ ስንፍናና ሪፖርት ተጋብተው የወለዱት ነው።

ጋሪ ነጂው የፈረሱን ዕቃ እየፈታ ነበር። ፈረሱ የሚያመው ይመስል ማሰሪያውን ከሆዱ ሥር ቀስ አድርጎ ይስባል። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ አላነሣውም።

«ልጆቹ ናቸው» አለ ቀና ሳይል። «ጌታው ተሻለው ወይ ሊሉኝ ነው።» ከዚያ እጁን አቆመ። «ወንድሜ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ፣ አትዋሸኝም። ትናንት ዝናብ እየመታው አሠርቼዋለሁ። ሲሚንቶ ጭኜበት ዳገት ወጥቷል። እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

ሚዛን ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ጮኸ።

«አይደለህም።»

«ልታጽናናኝ ነው።»

«ላጽናናህ አይደለም። ዝናቡም አይደለም፣ ሲሚንቶውም አይደለም። የተወጋው መድኃኒት የፈረስ አይደለም። እንዳትጠብቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ያልኋትን አንተም ሰምተሃል።»

ጋሪ ነጂው ቀና ብሎ አየው። ሊመታኝ ነው ብሎ ቢጠብቅም ሚዛን ፊቱን አላዞረም። ሰውየው ግን የያዘውን ጠፍር ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «ላም በይው ያልካት?» አለ ብቻ። ከዱላ የባሰ ነበር።

«አዎ።»

ልጅቷ ከኋላቸው መጥታ ቆማለች። ሚዛን እጁን ዘረጋ።

«ታብሌቱን አምጪው። በእኔ ስም ክፈቺው።»

«ጋሼ፣ ቤቱስ? እትዬስ? እኔ ልጻፈው፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ሌላ ሥራ…»

«አምጪው አልኩሽ።»

ሰጠችው። የዕለቱን መዝገብ ከፈተ። በማስታወሻው ቦታ ላይ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ «በእኔ ትእዛዝ የእንስሳው ዓይነት ሳይመረጥ ተወጋ፤ ሞተ» ብሎ ጻፈ። መተግበሪያው አልተቀበለውም። ላም በዚህ መድኃኒት አትሞትም፤ የእንስሳውን ዓይነት ያስተካክሉ አለው።

ለአሥራ አንድ ስድስት ጉዳይ። ዝርዝሩን ነካ። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች።

የቢሮው መስኮት በኃይል ተከፈተ።

«ሚዛን! ታብሌቱን ይዘህ ምን እያደረግህ ነው?»

ሚዛን ዓይኑን ከክቧ አላነሣም። ጋሪ ነጂው ተጠግቶ ማያውን በባርኔጣው ከፀሐይ ጋረደለት።

«ፈረስ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው» አለ ሚዛን።